ከቺፕውዱ ማዶ የነበሩት እትዬ ዘነበች

እትዬ ዘነበች አረፉ ተብሎ ሲነገረኝ ወሎ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። መኪናው ንቅንቅ አልል ብሏል፣ ወያላው ከሾፌሩ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ክርኑን ጎኔ ላይ ደግኖ እንቅልፉን ይለጥጣል። የደወለችልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሄለን ናት። “እትዬ ዘነበች እኮ አረፉ። ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት ነው” አለችኝ። ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል “ኧረ በናትሽ!” ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ደንግጦ ነቃና ክርኑን ሰበሰበ።

አዝኜ የጮህኩ እንዳይመስላችሁ። ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከእትዬ ዘነበች ጋር ያልጨረስነው ክርክር ነበረን። በመጨረሻ የተገናኘነው ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ውስጥ ነው። “በእርስዎ ምክንያት እኮ ያን ቀን ክፍልፋይ ሳላስተምር ዋልኩ” አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ጠርገው ጠርገው፣ ማኪያቷቸውን ጨርሰው፣ “ቆይ፣ ይመጣል” ብለውኝ ታክሲ ያዙ። ምኑ ነው የሚመጣው? እኔ መልስ ነበር የጠበቅኩት። አሁን ደግሞ መልሱን ይዘውት ሄዱ።

የተዋወቅነው ሰሚት ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ሲቆፈርና ሲገነባ የነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ያለፍክበት መንገድ ነገ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቅሃል። ሲኖትራክ ድንጋይና አሸዋ ይዞ ሲያልፍ የክፍላችን መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ያረፈውን አቧራ እፍ እያሉ ይጽፋሉ። ኮንዶሚኒየም ሲወጣ ሰው ይመጣል፣ ሰው ሲመጣ ልጅ ይመጣል፣ ልጅ ሲመጣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። የኛም እንደዚያው ነው የተከፈተው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቪላ ተከራይተው፣ ሳሎኑን ለሁለት ከፍለው፣ መሐሉ ላይ ቺፕውድ አቆሙበት። ከቺፕውዱ ወዲህ የኔ አራተኛ ቢ፣ ከቺፕውዱ ወዲያ የእትዬ ዘነበች አራተኛ ኤ።

ቺፕውድ ግድግዳ አይደለም። መጋረጃ ነው፣ ያውም ቀጭን መጋረጃ። ከማዶ ልጅ ሲያስነጥስ ከወዲህ የኔ ተማሪ “ይማርህ” ይላል። ስለዚህ እትዬ ዘነበችን የማውቃቸው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ስንት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ቤት መቀመጥ አላስችል ብሏቸው የመጡ ሴት ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። እኔ ወጣት ነበርኩ። ትምህርት እንደ ባቡር በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ መድረስ አለበት ብዬ የማምን የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አሁንም አምናለሁ።

እሳቸው ግን ባቡሩን የሚያስቆሙ ዓይነት ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ስም አይጠሩም። እኛ ሁላችን “አቤል!” “አቤት!” “ቤዛዊት!” “አቤት!” ብለን ትንፋሽ ሳንወስድ ጨርሰን ወደ ሥራችን እንገባለን። በእትዬ ዘነበች ክፍል ግን ማንም ስለራሱ “አለሁ” አይልም። ስለ አንተ የሚናገረው አጠገብህ የተቀመጠው ነው። “አቤል አለ” ይላል ጎረቤቱ። አቤል ደግሞ ስለ ጎረቤቱ ይናገራል። የቀረ ካለ ጎረቤቱ “የለም” ይላል፣ እሳቸው “ለምን?” ይላሉ፣ ጎረቤቱም ምክንያቱን መናገር አለበት። የሚያውቅ ከሌለ ትምህርት አይጀመርም። አንዱ ተነስቶ “እህቱን ልጠይቅ” ይላል፣ ሌላው “ጥበቃውን ልጠይቅ” ይላል፣ ቾኩ ሰሌዳው ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። እኔ ከወዲህ ሁለት ምሳሌ ሠርቼ ሳበቃ እነሱ ገና የአንድ ልጅ ጉንፋን ያጣራሉ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ክፍላቸው ውስጥ እጅ ማውጣት ክልክል ነው። ጣቱን እያጮኸ “ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!” የሚል ልጅ የሌለበት ክፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም፣ ግን ሰምቻለሁ። ጭብጨባም የለም። የመለሰ አይጨበጨብለትም፣ የሳተ አይሳቅበትም። ጥያቄ ይጠይቁና የአንዱን ልጅ ስም ይጠራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የማያውቀውን። ከዚያ ይጠብቃሉ። ከቺፕውዱ ማዶ ጭር ይላል። የኔ ተማሪዎች ሳይቀሩ እርሳሳቸውን አቁመው ጆሯቸውን ይጥላሉ። “ቆይ፣ ይመጣል” ይላሉ እትዬ ዘነበች። እኔ ከወዲህ ሆኜ ጥርሴን አፋጫለሁ። አንድ ጊዜ አላስችል ብሎኝ በቺፕውዱ ሽንቁር መልሱን ሹክ ልለው ቃጥቶኝ ነበር።

ሲጠብቁ ልጁን አያዩትም። ይህን በሽንቁሩ አይቻለሁ። መነጽራቸውን ያወልቁና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ያ መነጽር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠረግ እግዜር ይወቅ። “ለምን አያዩትም?” ስላቸው “እኔን አፍጥጠህ እያየኸኝ ስሜን ብትጠይቀኝ እኮ ስሜ ይጠፋኛል” አሉኝ። ይኼ መልስ ነው? እኔ የጠየቅኩት ስለ ክፍለ ጊዜው ነው።

ወላጆች የሚፈልጉት ደግሞ ደረጃ ነው። ልጄ ስንተኛ ወጣ፣ ማን በለጠው፣ ለምን በለጠው። ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ናሆም ከአንደኛ ወርዶ አያውቅም። አንድ ቀን ትልቅ መኪናቸውን የበሩ አፍ ላይ አቁመው፣ መግቢያውን ዘግተውብን፣ በቀጥታ አራተኛ ኤ ገቡ።

“ልጄ መልሱን እያወቀ አይጠየቅም አሉ። ለምንድነው የማይጠይቁት?” አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

“ያውቀዋላ። የሚያውቀውን ምን ብዬ ልጠይቀው?” አሉ እትዬ ዘነበች።

“ታዲያ ምን ሊማር ነው የሚመጣው?”

“መጠበቅ እየተማረ ነው። እሱ ላይ ገና ነው፣ ግን ይመጣል።”

ወይዘሮ ሰብለ ከዚያ ወጥተው ወዴት መጡ? ወደ እኔ! “ቲቸር ዳዊት፣ እርስዎ እስኪ ይንገሩኝ፣ ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት?” አሉኝ። ምን ልበል? ከቺፕውዱ ማዶ እየሰሙኝ እኮ ነው።

ስብሰባ ላይም ያው ናቸው። የመምህራን ስብሰባ ሊያልቅ፣ ሁላችንም ቦርሳችንን አንስተን፣ የሰሚት ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ልንሮጥ ስንል፣ “ሄለን አልተናገረችም” ይላሉ። ሄለን “ምንም የምለው የለኝም” ትላለች። “ቆይ፣ ይመጣል።” መነጽሩ ይወልቃል። ተቀምጠን እንጠብቃለን። የሚያናድደው ደግሞ መምጣቱ ነው። ሄለን አንድ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ፣ ትንንሾቹ ልጆች መጸዳጃ ቤቱን የሚፈሩት መብራቱ ስለማይሠራ መሆኑን ተናገረች። ለካ በየቀኑ ስንት ልጅ ሱሪው ላይ የሚያመልጠው በሌላ ምክንያት አልነበረም። አምፖሉ ተቀየረ፣ እኔም ታክሲ አጥቼ በእግሬ እስከ ጎሮ ሄድኩ።

ጫልቱ የመጣችው በመሐል ነው። አባቷ ከድሮው መንደር የቀሩ ገበሬ ናቸው። ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም፣ ያ ሁሉ ቪላ፣ የኛም ትምህርት ቤት ጭምር የቆመው እነሱ ጤፍና ጓያ ሲዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። የቀራቸው አንድ ግቢና ጥቂት ላሞች ነበሩ። አባትየው ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው “ጎረቤት ነን፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትማር” አሉ። ዳይሬክተራችን አቶ ታምራት እምቢ ለማለት አፈሩና ተቀበሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም አቶ ታምራት። ትምህርት ቤቱ ስም እንዲያወጣ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፣ ሌላ ጥፋት የላቸውም። የኮሪደሩ በር ላይ “እዚህ ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል” የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያሰቀሉትም ለዚሁ ነው። ሰሌዳው የተጻፈው ግን በአማርኛ ነበር፣ ወላጅ እንዲያነበው።

ጫልቱ ቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛዋ የሚያግባባ ያህል ነው፣ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር የላትም። ጠዋት ላሞቹን አልባ ስለምትመጣ ልብሷ ላይ የበረት ሽታ አለ። ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫቸውን መያዝ ጀመሩ። እትዬ ዘነበች ይቆጣሉ፣ ቆንጠጥ ያደርጋሉ፣ ወይም ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ይሰብካሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም! ያደረጉት ናሆምን አንስተው ከጫልቱ ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጫልቱ አትናገርም። ናሆም “ጫልቱ አለች” ይላል፣ የሷ ተራ ሲደርስ ግን ዝም። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። ናሆም በየቀኑ “አለ” የሚለው አጥቶ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንደኛ የሚወጣ ልጅ፣ መኖሩን የሚናገርለት ጠፋ።

አንድ ቀን ጫልቱ ቀረች። “ለምን?” ተባለ ናሆም። አላወቀም። የሚያውቅ የለም። እህት የላት ከኛ ጋር፣ ጥበቃውም አላያት። “እንግዲያው ሄደን እንጠይቅ” አሉ እትዬ ዘነበች። የኔ ተማሪዎች በመስኮት ሲያዩ፣ አራተኛ ኤ በሙሉ ሁለት ሁለት ሆኖ እጅ ለእጅ ተያይዞ ከግቢ ወጣ። ያውም የወላጅ ፈቃድ የለ፣ ያውም ሲኖትራክ በሚምዘገዘግበት መንገድ ላይ!

ጫልቱ የቀረችው ላማቸው ልትወልድ ምጥ ይዟት ስለነበር ነው። ልጆቹ እዚያው በረት ውስጥ ቆመው ጥጃው ሲወጣ አዩ። ሲመለሱ ያ የተወለወለ ጥቁር ጫማቸው ሁሉ እበት በእበት ነው። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እትዬ ዘነበች ቧንቧው ጋ ቁጭ ብለው ጫማ ያጥባሉ፣ በሩ ላይ ቆሜ ስድብ የምቀበለው እኔ ነኝ። “መኪናዬ ውስጥ እንዲህ ሆኖ አይገባም!” ይላል አንዱ አባት፣ ልጁ ግን ስለ ጥጃው ጆሮው ድረስ እየሳቀ ያወራል። ከዚያ በኋላ አፍንጫ መያዝ ቀረ። ምን ያድርጉ፣ ሁሉም ያንኑ ይሸቱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከቺፕውዱ ማዶ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም፣ ደረቅ ያለ የልጅ ድምፅ። “ናሆም ጂራ” አለ ድምፁ። በኦሮምኛ “አለ” ማለት ነው። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ አቆመ። እትዬ ዘነበች “ሰማችሁ፣ ናሆም አለ” ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ፣ ልክ በየቀኑ እንደሚሰሙት ሁሉ። ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ “ጂራ” “ጂርቲ” ሆነ። ወንድ ሲሆን “ጂራ” ሴት ስትሆን “ጂርቲ” መባሉን ያረመቻቸው ጫልቱ ናት፣ ያውም በቁጣ። ያን ጊዜ ነው አቶ ታምራት በኮሪደሩ ሲያልፉ የሰሙት። ከበላያቸው የራሳቸው ሰሌዳ ተሰቅሏል።

እበቱና ሰሌዳው ተደማምረው የአቶ ታምራትን ትዕግሥት ጨረሱት። ወላጆችም እየነገሯቸው ነበር። “ትምህርቱን ወደ ኋላ የሚጎትቱ ልጆች ለብቻቸው ይያዙ” የሚል ሐሳብ መጣ። ለብቻ ማለት ከቪላው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ነው። የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ያለበት፣ መስኮቱ በመዳፍ የሚሸፈን አንድ ክፍል። መጀመሪያ የምትገባው ጫልቱ ናት፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። አባቷ ቢሰሙ ልጃቸውን ከነጭራሹ እንደሚያስቀሯት ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ነን ብለው ያመጧትን ልጅ ጓሮ አግኝተዋት ዝም ሊሉ? አቶ ታምራት ለእትዬ ዘነበች ሲነግሯቸው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። “እሺ” አሉ እትዬ ዘነበች። እሺ ብቻ። አሁንስ ደክሟቸዋል ብዬ በሆዴ አዘንኩላቸው።

በማግስቱ ክፍልፋይ ልጀምር አስቤያለሁ። ብርቱካን ሳይቀር ገዝቼ፣ ቢላ ይዤ መጥቻለሁ። ከማዶ የስም ጥሪው ተጀመረ።

“ጫልቱ የለችም” አለ ናሆም።

“ለምን?”

“ሰርቪስ ቤት ገብታ ነዋ።”

“የት እንዳለች አልጠየቅኩህም። ለምን ቀረች?”

እኔ ብርቱካኑን ለአራት ቆረጥኩ።

“ሂድና አቶ ታምራትን ጠይቅ” አሉ። ናሆም ሄዶ ተመለሰ። “ደካማ ስለሆነች ነው አሉ።”

“ደካማ ማለት ምንድነው? ትናንት ታማ ነበር?”

“ኧረ አልታመመችም! ትናንት እኮ ሮጣ ቀደመችኝ” አለች አንዷ።

“እንግዲያው ገና አላወቅንም። ሌላ ሰው ይሂድ።”

ሌላ ሄደ። ሌላም ሄደ። የቢሮው በር ይከፈታል ይዘጋል። በመጨረሻ አቶ ታምራት ራሳቸው መጡ። ድምፃቸውን አለስልሰው “ልጆች፣ ጫልቱ እንግሊዝኛዋ ደከም ያለ ስለሆነ ለብቻዋ እንድትረዳ ነው። ለሷው ብለን ነው” አሉ።

“አሁን ገባን” አሉ እትዬ ዘነበች። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ቦርሳ ሲዘጋ ሰማሁ።

“ወዴት ነው እትዬ?” አሉ አቶ ታምራት።

“ሰርቪስ ቤት።”

“ለምን?”

“የኔን እንግሊዝኛ እኮ ያውቁታል። ሲቀጥሩኝ ፈትነውኝ ስቀዋል።”

ሄዱ። የእግራቸው ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ራቀ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፣ እኔም ብርቱካኔን ላሳይ ነበር። ናሆም ግን ተነሳ። አቶ ታምራት “አንተ ደግሞ የት ነህ?” ሲሉት “ጎረቤቴ እዚያ ናት። እኔን አለ የሚለኝ ማነው?” አላቸው። እሱ ሲሄድ ከኋላው የተቀመጠችው ተነሳች፣ ከሷ ጎን ያለው ተነሳ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን የሚጠራለት ሰው ስለሄደበት መሄድ አለበት። ይኼ የልጆች ሒሳብ ነው፣ ስህተት አላገኘሁበትም፣ እሱም ያናድደኛል። ወንበር ሁሉ ተንቋቋ። ከኔም ክፍል መንትያ ወንድሟ ኤ ክፍል የሚማር አንዲት ልጅ ብድግ ብላ ወጣች፣ ጓደኛዋ ተከተለቻት። ብርቱካኑን ጥዬ ሮጥኩ።

ሰርቪስ ቤቱን ባያችሁት! ሁለት ሰው ልብስ የሚያጥብበት ቦታ ላይ አርባ ምናምን ልጅ ተጠቅጥቋል። ገንዳው ላይ የተቀመጡ አሉ፣ ናሆም እግሩን ገንዳው ውስጥ አንጠልጥሏል። ሁለቱን ተማሪዎቼን በየት በኩል ጎትቼ ላውጣ? ጫልቱ ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፣ እትዬ ዘነበች ከጎኗ ተቀምጠዋል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው የሆነ ነገር ሲነግሯት አየሁ። ልጅቷም መለሰችላቸው። ዓመቱን ሙሉ በቺፕውድ ተጋርጄ ሁሉን ስሰማ ኖሬ፣ ያን ጊዜ ፊት ለፊቴ ሆነው ያሉትን ግን በጫጫታው አልሰማሁም።

አቶ ታምራት በልመናም በቁጣም ሊያስወጧቸው አልቻሉም። ነገሩን የፈቱት ወይዘሮ ሰብለ ናቸው። ልጃቸውን ጥርስ ሐኪም ጋ ሊወስዱ መጥተው አራተኛ ኤን ባዶ አገኙት። ፈልገው ፈልገው ገንዳ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

“ናሆም! ምን ትሠራለህ እዚህ?”

“ጎረቤቴ እዚህ ናት” አለ።

ወይዘሮ ሰብለ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። “ልጄን ማጠቢያ ገንዳ ላይ ነው የምታስቀምጡት? ይኼ ክፍል ሰው የሚማርበት ነው?”

“አይደለም” አሉ አቶ ታምራት፣ ሳያስቡት። ከአፋቸው አመለጣቸው። ካሉ በኋላ ግን መመለሻ የለውም። ሰርቪስ ቤቱ ሰው የሚማርበት አይደለም። ጫልቱም ሰው ናት። ከምሳ በኋላ ቦታዋ ላይ ነበረች፣ ሰርቪስ ቤቱም የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆነ። ጫልቱ አራተኛ ክፍልን እዚያው ጨረሰች፣ አምስተኛንም። እትዬ ዘነበች ግን ክረምቱ ሲገባ “እናመሰግናለን” ተባሉ። በሳቸው ቦታ የመጣችው አስተማሪ ፈጥና ስም ትጠራ ነበር። ከማዶ “ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!” ይሰማኝ ጀመር። በሰላም አስተማርኩ። እውነት ለመናገር ሰላሙ አልተመቸኝም።

ቀብራቸው ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከቀብር መልስ ኮንዶሚኒየሙ መሐል በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ዘመድ “ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ለአለቆቻቸው ታማኝ” አለ። ታዛዥ! ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ያን ጊዜ አንዲት ወጣት ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና “ቲቸር ዳዊት፣ ጫልቱ ነኝ” አለችኝ። ድምፁ ያው ነው፣ ወፍራምና ደረቅ። ገርጂ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ስለ አባቷ ጠየቅኳት፣ ደህና ናቸው። ላሞቹ ግን የሉም። ከዚያ ሳላስበው፣ ስንት ዘመን ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳት።

“ያን ቀን ሰርቪስ ቤት ውስጥ ምን ብለውሽ ነው?”

ትንሽ ቆየች። እኔም ቆየሁ።

“እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር? እኔ በጣም ነው የተናደድኩባቸው” አለችኝ። “ጠዋት እዚያ ቤት ስገባ እፎይ ነበር ያልኩት። የሚያየኝ የለ፣ የሚጠይቀኝ የለ። ዕድሜ ልኬን እዚያ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ገቡ፣ ከኋላቸው ያ ሁሉ ልጅ!”

“እኮ፣ ምን አሉሽ?”

“‘ደስ ብሎሻል አይደል?’ አሉኝ። አዎ አልኳቸው፣ እሳቸውን ደግሞ መዋሸት አይቻልም። ‘ይኼን ፈርቼ ነው የመጣሁት’ አሉኝ። ‘እያለቀስሽ ቢሆን እስከ ዕረፍት እጠብቅ ነበር’ አሉኝ።”

የመጣብኝ ንዴት መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ዞሬ አለቀስኩ። ጫልቱ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆና ስልኳን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር።

አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፎቅ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ከማዶ ምንም አይሰማም። አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ጥግ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ። አትረብሽም፣ አትጠይቅም፣ ሳልጠይቃት ከዋልኩ ፊቷ ይፈካል። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ስል ነው የከረምኩት። ከቀብሩ ማግስት ብርቱካኔን ይዤ ገባሁ። ለአራት ቆረጥኩት፣ አንዱን ቁራጭ አነሳሁ፣ ያ ሁሉ ጣት እየጮኸ “ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!” ተባለ። ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሄደ። እፎይ ብላ ተቀምጣለች። ስሟን ጠራሁ። ዝም አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመርኩ። አጠፋሁ፣ አጠፋሁ። ደወሉ ተደወለ። እትዬ ዘነበች ሞተው እንኳ ክፍልፋይ አላስተምር አሉኝ።